በፍራሽ ውስጥ ያደረ ጊታር

ጎረቤቴ ወንድሙ፣ እንኳን መዘመር ማፏጨት አይችልም ነበር። ይህን የምለው ልሰድበው ብዬ አይደለም፤ አጠና ተራ አጠገብ ባለው ግቢ አንድ የጭቃ ግድግዳ ተጋርተን ለዓመታት ስለኖርን የማውቀውን ነው። እሱ ፍራሽ ይሠራል፣ እኔ የፍራሹን ጨርቅ እሰፋለሁ። የደደረ ጥጥ ከየቤቱ ይመጣለታል፣ ጅማት በተወጠረበት ደጋን ነድፎ ያፈካዋል፣ እኔ የሰፋሁትን ጨርቅ ሞልቶ በወፍራም መርፌ ያያይዘዋል። የደጋኑ ዱም ዱም ከስፌት መኪናዬ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ግቢውን ሲሞላው ይውላል። ጎረቤቱ ከመልመዱ የተነሳ ድምፁ ሲቆም ነው ምነው ወንድሙን አመመው ብሎ የሚጠይቀው።

ሰውየው አርባን አልፏል። ሚስቱ ዘመነች ትባላለች፣ ልጅ አልወለዱም። ሁለቱም ጴንጤ ናቸው። እኔ ደግሞ የቀራንዮ መድኃኔዓለም ምእመን ነኝና በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተነታርከናል። በተለይ በፍልሰታ የሥጋ ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ ሲመጣብኝ ያልተናገርኩት ነገር የለም። እሱ ግን ክፉ መልስ አያውቅም። ውሸትም አያውቅም፤ ይሄ ደግሞ በዚያ ዘመን አደገኛ ጠባይ ነበር።

በእምነቱ ሰዎች መካከል ወንድሙ ከቁጥር የሚገባ ሰው አልነበረም። ሌላው ይዘምራል፣ ያስተምራል፣ ይተነብያል። ወንድሙ አፉን ከከፈተ ግን አጠገቡ ያለው ሰው ዜማው ይጠፋበታል። አንድ ጊዜ የመዘምራኑ ኃላፊ በትሕትና፣ አንተ በልብህ ዘምር ወንድሜ፣ ብሎታል አሉ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በር ላይ ቆሞ ሰው ማስገባት ሆነ። ዘመነች ይህን ስታወራልኝ እየሳቀች ነበር፣ እሱ ግን አልሳቀም። በሰዎቹ መካከል አንድ የሚጠቅምበት ነገር ማግኘት የዕድሜ ልክ ጭንቀቱ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ትእዛዝ ከታሸገ በኋላ እሁድ ከሰዓት በኋላ በየሰው ቤት መሰብሰብ ጀመሩ። አንዱ ቤት የወንድሙ ነበር። እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም፤ ብንነታረክም ጎረቤት ነን። የሚዘምሩት በሹክሹክታ ነው። ጭብጨባ የለም፣ ከበሮ የለም። እውነቱን ለመናገር ሳቄ ይመጣ ነበር። በሹክሹክታ የሚዘምር ሰው ጓደኛውን አይሰማምና ግማሹ መዝሙሩን ጨርሶ አሜን ሲል ግማሹ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው። እንደ ገና እንጀምር ይላሉ፣ እንደ ገና ይለያያሉ።

ይህን ያቃናው ዳንኤል የሚባል ወጣት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይታሸግ በመዘምራኑ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር። ጊታሩ የራሱ ስለሆነና ያን ዕለት ቤቱ ስለዋለ ከመወረስ ተረፈ። ቤዝ ጊታር አራት ወፍራም ክር ያለው ነገር ነው፤ ከኤሌክትሪክ ካልተያያዘ ድምፁ ከትንኝ አይበልጥም። ዳንኤል የጊታሩን እንጨት ሰዎቹ ከተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ጋር አጣብቆ ይመታዋል። ንዝረቱ በአግዳሚው ውስጥ ያልፍና የተቀመጠ ሰው ሁሉ በመቀመጫው ይሰማዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹክሹክታው አንድ ላይ ይጀምርና አንድ ላይ ያልቅ ጀመር። እኔም ከማዶ ሆኜ አጀብ አልኩ።

በ1976 የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣና ዳንኤል ከሚሄዱት አንዱ ሆነ። ከመሄዱ በፊት ጊታሩን ለወንድሙ አመጣለት። ካልጠፋ ሰው ለምን ለእሱ እንደሆነ ሁሉንም ግራ አጋባ፣ ከሁሉ በላይ ወንድሙን። ዳንኤል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የእርስዎ ጣት ይህን ክር አይፈራም ጋሽ ወንድሙ።" እውነትም የጥጥ ነዳፊ ጣት እንደ ቀንድ የጠጠረ ነው። በቀሩት ቀናት እየመጣ ምኑ ላይ እንደሚጫን፣ መቼ እንደሚመታ አሳየው፤ ከዚያ ተሳፈረና ሄደ።

የወንድሙ መከራም ተጀመረ። ክረምቱ ገብቷል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደጋኑን ያስቀምጥና ጊታሩን ያነሳል። ሰው ቢሰማው እንኳ ጥጥ እየነደፈ ነው ይላል እንጂ ሌላ አይጠረጥርም። ጨርቅ ላደርስለት ስገባ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ምላሱን ወጣ አድርጎ ጣቱን ሲመለከት አገኘዋለሁ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዜማው የለም። ወንድሙ ጊታር መዝሙሩን የሚመታ መስሎት ነበር። እኔም እንደዚያው ነበር የሚመስለኝ፤ ማሲንቆ ዘፈኑን ይከተላል፣ ክራርም ዘፈኑን ይከተላል። ዳንኤል ያሳየው ግን ዱም ዱም፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ዱም ዱም፣ ተመልሶ ዱም ነው። ወንድሙ እንደተነገረው ይመታል፣ ከዚያ መዝሙሩን ይፈልገዋል፣ የለም። እንደ ገና ይመታል፣ አሁንም የለም። ሲጨንቀው እኔን ይጠይቀኛል፣ እትዬ ተሻለች እስቲ ያዳምጡኝ፣ ይሄ ምን ይመስልዎታል ይላል። እኔ ምን ልበለው። ጥጥ ሲነደፍ ነው የመሰለኝ፣ ያንኑ ነገርኩት። ቅር አለው።

ዳንኤል ሲሄድ፣ እርስዎ ዜማውን አይከተሉም፣ ዜማው ነው እርስዎን የሚከተለው፣ ብሎት ነበር። ወንድሙ ይህን ሲያላምጥ ክረምቱ ተጋመሰ። ዜማ የማይችል ሰውን ዜማ በምን ዕዳው ይከተለዋል? እኔም አሰብኩበት፣ ራሴን አመመኝና ተውኩት።

አንድ ቀን ጥፋቱን ያገኘ መሰለው። በደጋን ሕግ ድምፅ ካነሰ ጅማቱ ላልቷል ማለት ነው፣ መወጠር አለበት። ስለዚህ አብዝቶ የሚመታውን ክር ወጠረው፣ አሁንም ወጠረው፣ ክሩም ጧ ብሎ ተበጥሶ ጉንጩን ገረፈው። ደሙን እየጠረገ የቆመበት መልክ አሁንም አይረሳኝም፤ ያሳዘነው ጉንጩ አልነበረም። የቤዝ ክር በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? ፒያሳ ወርዶ መጠየቅ ደግሞ፣ ጊታሩ የማን ነው፣ የሚል ጥያቄ ያስከትላል። በመጨረሻ ከደጋኑ መለዋወጫ ጅማት ቆረጠ፣ ደረበ፣ ገመደ፣ በተበጠሰው ክር ቦታ አሰረው። ሠራ። እንዲያውም ከብረቱ ይልቅ ለጣቴ ይስማማል አለ። እኔም ብልህነቱን አደነቅኩለት፤ ጉዱን ማን አውቆ።

እሁድ ሲመጣ አግዳሚው ላይ አጣብቆ መታላቸው። እኔ ከማዶ ጆሮዬን ሰጥቻለሁ። መዝሙሩ ተጀመረ፣ አለቀ፤ ሲወጡ ግን አንድም ሰው ጎበዝ አላለውም፣ ተሳስተሃልም አላለውም። የእነሱ ልማድ ነው። ሰውን ማመስገን ለፈጣሪ የሚገባውን መስረቅ ይመስላቸዋል፤ ክብር ለጌታ ይሉና ጫማቸውን አድርገው ይሄዳሉ። ስለዚህ ወንድሙ የሚሠራውን ራሱ አይሰማም፣ የሰሙትም አይነግሩትም። ሰኞ ጠዋት ደጋኑን እየመታ በግድግዳው በኩል ይጠራኛል። ትላንት ልክ ነበርኩ ወይ ይለኛል። እኔን፣ ታቦት የምሳለመውን ሴትዮ! የዳንኤልን ቦታ ይዤለት ነው ወይስ እያበላሸሁበት ነው ይላል። እኔ የማውቀው ቅዳሴ ነው፣ የእናንተን ሂድና የራስህን ሰዎች ጠይቅ እለዋለሁ። አይጠይቅም። ምስጋና የሚለምን እንዳይመስልበት ይፈራል። እንዲህ እየሆነ እሁዶቹ አለፉ።

ጊታሩ በማይመታበት ሰዓት የሚያድረው ፍራሽ ውስጥ ነው። ጨርቁን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ በአንድ ጎኑ በቁልፍ የሚዘጋ አፍ አበጀሁለት፣ እሱ ከላይም ከታችም ጥጥ አለበሰው። ከሌሎቹ ፍራሾች መካከል ቢቆም ከውፍረቱ በስተቀር ምንም አያስታውቅም።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ እንግዶች ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሊያድሩ ነው ተባለና የቀበሌው ሰዎች ፍራሽ ለመዋስ በየቤቱ ዞሩ። ፍራሽ ፈላጊ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ፍራሽ ሠሪ ቤት ነው። ወንድሙ ጥጥ ሊያመጣ መርካቶ ወርዷል። ዘመነች ፊቷ አመድ መስሎ ቆማለች። ያኛው ገና አላለቀም ልል አፌን ከፈትኩና የባሰ እንዳላስጠረጥር ምላሴን ነከስኩ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ ከሁሉ ወፍራሙን መርጠው፣ ይሄማ ለሽማግሌ ነው ብለው አስቀድመው ያንን ተሸከሙ።

የደረሳቸው ሽማግሌ ከመንዝ የመጡ ነበሩ። ጎናቸውን ሲቆረቁራቸው አድሮ ጠዋት ከፍተው ቢያዩ ጊታር። የከተማ ሰው ጥጥ ሲያልቅበት እንጨት ይጨምራል ብለው ከሰሱ አሉ። ወንድሙ ተጠራ። ስፌቱ የእኔ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃልና እኔም ተጠራሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገረሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ጥያቄ ይወዳል፤ አንዴ ከጀመረ እስኪያልቅ አይተውም። ጊታሩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። በአዳራሹ ጥግ የቀበሌው የኪነት ቡድን ለበዓሉ ይለማመዳል፤ እሱም ሥራውን አቁሞ ይመለከተናል።

"ጊታር ፍራሽ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለ ገረሱ።

"እንዳይወሰድ ብዬ ነው ጓድ ሊቀመንበር።"

"ማን ይወስደዋል?"

ወንድሙ አዳራሹን ዞር ብሎ ተመለከተ። "ይኸው ተወሰደ" አለ።

በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ሳቁን ዋጠ። ገረሱ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ጊታሩ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ወንድሙ የዳንኤል ነው አለ። ዳንኤል የት ነው? እናንተ የላካችሁት ቦታ። ይህም እውነት ነበርና ገረሱ ትንሽ ለዘብ አለ፤ የዘማች ንብረት አይነካም አለ። ነገሩ አለቀ ብዬ እፎይ ልል ስል አንተስ ምን ታደርግበታለህ ብሎ ጠየቀው። እየተማርኩ ነው አለ። በዚህ ዕድሜህ? አዎን።

"ለማን ልትመታለት?"

ወንድሙ ዓይኑን ጊታሩ ላይ ተከለ። እኔ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ እንደ ገና ከተጠየቀ እውነቱን ይናገራል። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሁሉ፣ ዘመነችም ጭምር፣ ተለቅመው ይታሰራሉ።

ከዚህ ያወጣን የኪነቱ ኃላፊ በዛብህ ነው። የእነሱ ቤዝ መቺም ዘምቷል፣ ጊታራቸውም ተበላሽቷል፤ ዓይኑ ገና ሲጀመር ጊታሩ ላይ ነው። ንግግሩ ሰለቸውና እስቲ ይምታና እንየው ብሎ የኤሌክትሪክ ገመዱን አምጥቶ ሰካበት። ወንድሙ ጊታሩን አንስቶ አቀፈው። ክሩን መታ። ምንም። እንደ ገና መታ። ምንም። ቤት ውስጥ የሚሰማው ያ ትንሽ ድምፅ ካልሆነ በስተቀር ከትልቁ ስፒከር የሚወጣ የለም። ደንግጦ ጣቱን ወደ ሌላው ክር አሻገረ። አዳራሹ ተናወጠ፣ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ወንድሙ ጊታሩን ሊጥለው ምንም አልቀረው።

"ይሄ እኔ ነኝ?" አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን ከልቡ ነበር የጠየቀው። ያን ሁሉ ክረምት ሲመታው የከረመውን ነገር ገና መስማቱ ነው። መቆም አልቻለም፣ ዳንኤል ያሳየውን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አንዱ ክር ያጓራል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ ሦስተኛው ያጓራል። ቤት ውስጥ ደህና የነበረ ክር አዳራሽ ሲገባ ለምን ዲዳ እንደሚሆን አልገባውም፤ ለእኔም አልገባኝም። በዛብህ ጎንበስ ብሎ ክሩን ነካና ፈገግ አለ።

"ይሄ ጅማት ነው" አለ። "ከሥሩ ያለው ማግኔት የሚሰማው ብረት ነው፣ ጅማት አይሰማም። ሰውየው ይህን ጊታር ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቶት አያውቅም ማለት ነው።"

ገረሱ ከወንበሩ ቀና አለ። "ለምን አልሰካኸውም? ድምፁ እንዳይሰማ ነው?"

የወንድሙ ከንፈር ሲላቀቅ አየሁ። ቀድሜው ተናገርኩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የግቢያችን ቆጣሪ የጋራ ነው" አልኩ። "ካውያ የሰካ ሰው እንኳ ወር ሙሉ ሲሰደብ ይከርማል። ጊታር ቢሰካማ በድንጋይ ይወግሩት ነበር።"

ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። የጋራ ቆጣሪ ያላንገበገበው ሰው ደግሞ በኮልፌ የለም። አብዮት ጠባቂው በእሱ ግቢ በምሥጢር ምድጃ ስለምትሰካ ሴት አወራ፤ አኮርዲዮን የያዘው ልጅ ባለ ብዙ አምፖሉን ጎረቤቱን ረገመ። ገረሱ ራሱ ካውያ ተደብቆ ስለሚሰካ ተከራዩ በዝርዝር ማውራት ጀመረና፣ ለማን ልትመታ የሚለው ጥያቄ በመካከሉ ጠፋ። እንዲህ ያለ መዳን አይቼ አላውቅም።

ነገር ግን በነፃ አልሆነም። በዛብህ፣ ሰውየው ክሩ ዝም ሲልም ምቱን አልሳተም፣ የብረቱን ክር እኔ አገኝለታለሁ፣ ዳንኤል እስኪመለስ ከእኛ ጋር ይምታ አለ። ገረሱ ወዲያው ተስማማ። ወንድሙ ዘፈን አልዘፍንም አለ። በዛብህም ማን ዝፈን አለህ፣ ትመታለህ እንጂ አለው። ወንድሙ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ዓይኔን አፈጠጥኩበት። እምቢ ካለ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለሰዎቹ ነገሩን እንድነግርለት ጠየቅኩት። አይሆንም አለ። አዳንኳችሁ ማለት ይሆንብኛል፣ ያዳነን እግዚአብሔር ነው አለ። የቆጣሪውን ነገር ያነሳሁት እኔስ ብለው፣ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ለጴንጤ መማሌ ገርሞኛል።

ልምምዱ ቀጠለ። የብረት ክር ገባለት፣ በዛብህም ያልተሳሳተውን ልክ ነህ፣ የተሳሳተውን ደግሞ አይደለም ይለዋል። ይሄ የሚያስደስተው መስሎኝ ነበር፤ ይባስ ግራ ገባው። እዚያ ልክ ከሆንኩ እዚህም ልክ ነበርኩ ማለት ነው ወይ ይለኛል። ወይስ እዚህ ስላበላሸሁ ነው እዚያ የተማርኩት? ጨርቅ እየቆረጥኩ ስለነበር መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ተወኝ አልኩት።

በበዓሉ ቀን ኪነቱ ሜዳ ላይ ተሰለፈ። ወንድሙ ካኪ ለብሶ ከኋላ ቆሟል። ሕዝቡ ይጨፍራል፣ ወንድሙ ጣቱን እንጂ ሕዝቡን አያይም። የእምነቱ ሰዎችም በመንገዱ ሲያልፉ አዩት። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ከማዶ ሹክሹክታ መስማት ቀረ።

በዓሉ ካለፈ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወይዘሮ ሰብሌ መጡ። ከሰዎቹ በዕድሜ የገፉት እሳቸው ናቸው፣ ቃላቸውም ይሰማል። እኔ ጨርቅ ላስረክብ ገብቼ ነበርና ልውጣ ስል ወንድሙ ይቀመጡ አለኝ። ወይዘሮ ሰብሌ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገሩ። ማንም በክፉ አልጠረጠረህም አሉት። ቀበሌ የሚገባ የሚወጣ ሰውን ግን ዓይን ይከተለዋል፣ ወጣቶቹ ፈርተዋል፣ ጸልየንበት ተስማማን። ጊዜው እስኪያልፍ እኛም እዚህ አንመጣ፣ አንተም ወደ እኛ አትምጣ አሉት። ዘመነች ግን ትምጣ።

ደሜ ፈላ። እርስዎ ይህ ሰው ምን እንዳደረገ ቢያውቁ ብዬ ስጀምር ወንድሙ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። መሐላዬ ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ፤ እንደዚያን ቀን ዝምታ ያቃጠለኝ የለም። ዘመነች በጓዳው በር ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

ወንድሙ አልተከራከረም። ትክክል ናችሁ አለ። ቀጠለና "አንድ ነገር ልጠይቅዎት እትዬ ሰብሌ" አለ። "ያን ሁሉ እሁድ ስመታ፣ ልክ ነበርኩ?"

ሴትዮዋ ክብር ለጌታ ብለው የሚነሱ መስሎኝ ነበር። ጃንጥላቸውን ከጉልበታቸው አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት።

"እኛ አንተን ሰምተንህ አናውቅም" አሉ። "ግን አንተ ከያዝከው ወዲህ አንድም መዝሙር ተለያይተን አልጨረስንም።"

እጁን ጨብጠው ወጡ። ወንድሙ እስከ ግቢው በር ሸኝቷቸው ተመለሰና ከፊቴ ተቀመጠ። ልክ ነበርኩ ማለት ነው አይደል አለኝ። ልክ ነበርክ አልኩት፣ ንዴቴ ገና ሳይበርድ። ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው መጣ፣ ዘመነችም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ለእሱም የገባው አይመስለኝም።